ከፌስቡክ ያጠፋኋቸው የሠርግ ፎቶዎች

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ሰበታ

ትናንት ሽማግሌዎች እኔንና ባሌን በቀለን አስታረቁን። ስንጣላ የሠርጋችንን ፎቶዎች ከፌስቡክ ማጥፋቴ ከጠቡም በላይ ከንክኗቸዋል። ከሽማግሌዎቹ ፌስቡክ የሌላቸው ኦቦ ለሜሳ እንኳ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አገር ያየውን ሠርግ ማውረድ ምን የሚሉት ነገር ነው? በይ መልሺው» አሉኝ። በቀለ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ሆነና ይቅርታ ጠየቅሁ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። የጠፋ ነገር የሚቆይበት «ትራሽ» የሚለው ውስጥ ሁሉም አሉ። አንድ በአንድ መለስኳቸው። የሰዉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሳይቀር አብሮ ተመለሰ።

በቀለ አጠገቤ ሆኖ ሲያየኝ ቆየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ለመሆኑ የጠፋ ፎቶ በየት ገብቶ ነው የሚመለሰው? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠይቆኝ ነው» አለ። አሳየሁት። የራሱን ስልክ ይዞ መኝታ ቤት ገባ።

ከተጣላን ወዲህ የእሱን ገጽ አይቼው አላውቅም። አሁን ከፈትኩት። ከሠርጋችን አንድም ፎቶ የለም። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ብቅ አለ፤ ጭቃ እንዳይነካው ቬሎዬን ከፍ አድርጎ ይዞልኛል።

«ለባልደረባህ ሚስት ሰላም በልልኝ» ልለው አሰብኩና ተውኩት። ሁለተኛው እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።