ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው የርቀት ሰዓት

ለተከበሩ አቶ አምሃ፣
የምሥራቅ ኮሎምበስ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ድምፅዎ እንደምን ከርመዋል? ድምፅዎን ለይቼ የጠየቅሁት ዓመት ሙሉ በስልክ ሲያገለግለኝ ስለኖረ ደክሞት እንደሆን ብዬ ነው። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ሁለተኛውን ክትባት ወስጃለሁ። ክንዴን አላመመኝም፤ ያመመኝ ሌላ ቦታ ነው፣ እሱን ከዚህ በታች ያገኙታል።

እስከ ትናንት «አንተ» እልዎት እንደነበር አልረሳሁም። እርስዎም «ጋሼ ጀማነህ» ይሉኝ ነበር። ነገር ግን እኔ እንደ ልጄ የማየው አምሃ ይህን አያደርግም፤ ያደረገው ሌላ የማላውቀው ትልቅ ሰው መሆን አለበት፤ የማያውቁትን ትልቅ ሰው ደግሞ አንቱ እንድል ነው ያሳደጉኝ።

ደብዳቤውን ግልጽ አድርጌ ሁላችን በምንገበያይበት የአበሻ ሱቅ ሰሌዳ ላይ የማስለጥፈው፣ በስልክ ለብቻዬ የተነገረኝ ሁሉ ውሸት ሆኖ ስላገኘሁት፣ እስቲ በአደባባይ ልሞክረው ብዬ ነው። ጽሕፈቱን ማንም አላረመልኝም። ትምህርቴ ከፊደል ብዙ እንዳልራቀ አገር ያውቃል፤ ፊደሉ ቢንጋደድም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። የምለምነውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የባለቤቴ የጽጌ እጅ ያረፈበትን ሰዓት ይመልሱልኝ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ማስረዳት ግድ ነው። በወጣትነቴ ምጽዋ፣ በባሕር ኃይል ውስጥ፣ የመድፍ ክፍል ባልደረባ ነበርኩ። የእኛ መርከብ ማነጣጠሪያ የታሸገ ሣጥን ስለነበረ ውስጡ ምን እንደሚሠራ አይታይም። ስለዚህ አስተማሪያችን፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ነገሩን ከሥሩ ያስያዘን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በነበሩት ታላላቅ የጦር መርከቦች ነው። በእነዚያ መርከቦች ጠላትን የሚያየው ከምሰሶው ጫፍ፣ ቅርጫት በምታህል ማማ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። የሚያሰላው ደግሞ በመርከቧ ሆድ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል የተዘጋበት ሰው ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የንግግር ቱቦ ነው።

ጥይቱ አየር ላይ ሳለ የጠላት መርከብ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ የሚተኮሰው አሁን ወዳለበት ሳይሆን ጥይቱ ሲወድቅ ወደሚገኝበት ነው። ለዚህ የርቀት ሰዓት የሚባል ዕቃ አለ። ሰዓት ይባል እንጂ ጊዜ አይቆጥርም። ፊቱ ላይ የተጻፈው የርቀት ልክ፣ ያርድ ነው፤ ጠላት ሲርቅ ወደፊት፣ ሲቀርብ ወደኋላ ይዞራል፤ ፍጥነቱን ታች ያለው ሰው በእጀታ ያስተካክለዋል። መድፉ ከተተኮሰ በኋላ ላይ ያለው፣ ውሃው የት ጋ እንደፈነዳ አይቶ «አጠረ» ወይም «አለፈ» ይላል፤ ታች ያለው ያርማል። «አጠረ» በማለቱ ማንም ተቆጥቶት አያውቅም። ዒላማው የሚገኘው እንደዚያ እየተሳቱ ነው። ታች ያለው ሰው ግን ምንም አያይም። ያመነውን ነው የሚያዞረው።

ይህን ሁሉ፣ ከግሮቭፖርት ዌርሃውስ በጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከርቀት መለኪያው እስከ ማስያ ጠረጴዛው፣ ከእንጨትና ከወዳደቀ ዕቃ ሠራሁት። ጽጌ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ባሕር በሌለበት አገር መርከብ! ለጎረቤት ምን ብዬ ልንገር?» እያለች ስትስቅብኝ ከርማ፣ መጨረሻ ላይ የሰዓቱን ፊት ከእጄ ነጥቃ፣ ቁጥሮቹን በነጭ የጥፍር ቀለም ራሷ ጻፈችልኝ። የእሷ ሰባት ቁጥር ወገቡ ላይ መቀነት፣ አግድም ጭረት፣ አለው። ሰባቱን ሁሉ እንደዚያ ነው የምትጽፈው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ስንጫወትበት፣ ከላይ ደረጃው አናት ላይ ሆነው የሚያዩልኝ እርስዎ ነበሩ፤ እኔ ታች ከመጋረጃው ጀርባ። መሐላችን የአትክልት ውሃ ማጠጫ ቱቦ፣ በሁለቱም ጫፍ የዘይት መገልበጫ ማንቆርቆሪያ የተሰካበት። ጓደኛችን እሸቱ የጠላትን መርከብ በሲባጎ ይጎትታል፤ እርስዎ «ጋሼ፣ አጠረ! ይጨምሩ፣ ይጨምሩ!» እያሉ ሲጮኹ ጽጌ ከኋላዬ «ጨምር እያለህ አይደል፣ ምን ትደነግጣለህ?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ያዩትን ቀይረው አልነገሩኝም። ያኔ የሚጎተተው የፕላስቲክ መርከብ ነበር። ለፕላስቲክ መርከብ ያልነፈጉኝን እውነት ነው በኋላ የነፈጉኝ።

ቅሬታዎቼ፦

አንደኛ። ኮሮና መጥቶ አዳራሹ ሲዘጋ፣ ዕቃዬ ያለበትን የሽማግሌዎቹን ክፍል አደራ ብዬ ለእርስዎ ትቼ ወጣሁ። በየቅዳሜው ኮል እያደረጉ «ጋሼ፣ ደህና ነው፤ በተዉት ቦታ አለ» ሲሉኝ ኖሩ። «አቧራ እንዳይነካው አንሶላ አልብሼዋለሁ» ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ይህን አንሶላ በተለይ ላመሰግንዎት እወዳለሁ። ውሸት ራቁቱን እንዳይሄድ አንሶላ ማልበስ የአስተዋይ መሪ ሥራ ነው። ክፍሉ ግን የዘጋነው ሰሞን ለሠርግ ዲኮር ዕቃ ስቶሬጅ ተሰጥቶ፣ የእኔ ዕቃ ተበትኖ አልቆ ነበር።

ሁለተኛ። የጽጌ ሙት ዓመት ኅዳር ላይ ዋለ። ሰው መሰብሰብ ክልክል ነበር፤ እኔም ሬይኖልድስበርግ ቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ ደወልኩልዎት። «እባክህ ሰዓቷን ሞልተህ ለአንድ አፍታ ስልኩን አጠገቡ ያዝልኝ፤ ድምፁን ልስማ» አልኩ። እርስዎም «እሺ ጋሼ፣ ይቆዩኝ» ብለው ሄዱ፤ ተመለሱ። ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የእኔ ሰዓት ባለ ሞላ ነው፤ ሲዞር እንደተኛ ድመት ያንኮራፋል እንጂ ቀጭ ብሎ አያውቅም። ግን ላይ ያለው ሰው የነገረኝና ጆሮዬ የሚለኝ ባይገጥሙ ጆሮዬን ማረም ነው የተማርኩት። ስልኩ ይሆናል፣ ብርዱ ይሆናል አልኩ። አለቀስኩም። በምን ላይ እንዳለቀስኩ እስካሁን የሚነግረኝ አጥቻለሁ። ለዚህ መልካም ሥራዎ ቃል አጥሮኛል።

ሦስተኛ። መጋቢት ላይ አዳራሹን ለክትባት ከፍታችሁ እኔም መጣሁ። ተወግቼ «ሩብ ሰዓት ይቀመጡ» ተባልኩና ሰዓት ለማየት ወደ ግድግዳው ቀና አልኩ። የወርቅ ቀለም የተቀቡ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉ ቁጥሮች የተለጠፉበት ትልቅ ክብ ሰዓት ተሰቅሏል። የምትመዘግበው ልጅ፣ ጀነት የምትባለው፣ «ጋሼ፣ እሱን አይመኑት፤ ሁልጊዜ ይሳሳታል። እኔ ከስልኬ አይቼ እነግርዎታለሁ» አለችኝ። ልክ ነሽ ልላት ስል፣ አምስት ቁጥር ሙጫው ለቆ ወድቋል፤ ከሥሩ ነጭ ሰባት ቁጥር አየሁ። ወገቡ ላይ መቀነት አለው።

ሩብ ሰዓቱ ካለፈም በኋላ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ልጅቷ ክትባቱ ያዞረኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት፤ በዚያ ቤት እውነት የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

የቀረውን ዕቃ በተመለከተ አንድም ነገር እንዳልባከነ ሳይ መደሰቴን ልደብቅ አልችልም። ሁለት ዓይን ያለው የርቀት መለኪያዬ ረጅም ቱቦ የመጋረጃ እንጨት ሆኗል። ማስያ ጠረጴዛው ሻይ ይቀርብበታል። የንግግር ቱቦው ደግሞ ማንቆርቆሪያዎቹ ተነቅለውለት በጓሮዎ ቃሪያ እንደሚያጠጣ እሸቱ ነግሮኛል። እሸቱ ጨምሮም «ጋሼ፣ አምሃ እኮ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ገና ጽጌን የቀበርክ ሰሞን ስለነበር ልነግረው አፈርኩ ብሏል» አለኝ። እንግዲህ ርኅራኄ ነበረች ማለት ነው። ርኅራኄዎ እንዲህ ከሆነ፣ ጭካኔዎን ሳያሳዩኝ ስለኖሩ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

አቶ አምሃ፤ ክፍል ይፈለጋል፣ ዕቃ ይነሳል፣ ያረጀ ነገር ይጣላል። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ላይ ደውለው «ጋሼ፣ ስተናል፤ ሰዓቷን ፈተናታል» ቢሉኝ ኖሮ ጮኼ፣ ሰድቤዎት፣ ማታውኑ መልሼ እደውልልዎት ነበር። መሳትን እኔ አውቀዋለሁ፤ የተማርኩት እሱን ነው። እርስዎ ግን ጥይቱ ባሕር ውስጥ እየወደቀ «መታን፣ መታን» እያሉ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ዓመት ሙሉ እጀታ እንዲያዞር አደረጉ። ጽጌ ከሞተች ወዲህ ዓይኔ እርስዎ ነበሩ። በሕይወቴ ያመንኩት የመጨረሻ ሰው ነዎት፤ ሌላ የማምንበት ዕድሜም የለኝም።

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰዓቱን ከግድግዳው ራስዎ እንዲያወርዱልኝ፣ የወርቁን ቁጥር ከጽጌ ቁጥር ላይ ራስዎ በጥንቃቄ እንዲያላቅቁልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የሚላጥ ነጭ ቀለም ካለ፣ ሳልጠይቅዎት ይንገሩኝ።

ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ከአሁኑ የበለጠ ከፍታ እየተመኘሁ፣ ከመርከቧ ሆድ ውስጥ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ የምነሳ፣

ጀማነህ ቶሎሳ
የቀድሞ ባሕር ኃይል፣ የመድፍ ክፍል
ሬይኖልድስበርግ፣ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ አምሃ፤ ኅዳር ላይ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አትደውልልኝ። የተነቀለባትን ሞላ ገዝቼ፣ ሰዓቷን ራሴ ሞልቼ፣ ራሴ እሰማዋለሁ። እንዴት እንደሚያንኮራፋ ማወቅ ያማረህ እንደሆነ፣ ቱቦውን አልወሰድኩብህም፤ ቃሪያህን አጠጥተህ ስትጨርስ ጆሮህን ለጥፍበትና ጠብቅ።