ያልተበጠሰው ገመድ

ለውድ ወንድሜ፣

ባሕርና የብስ ቢለዩንም ሰላምታዬ ሳይጓደል ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት ከመርከብ ላይ ሆነው ባሕር ሥር የሚያሠሯት ማሽናችን ገመዷ በሰመጠ ጀልባ ብረት ተጠላለፈ። ትእዛዙም ኃይሉም የሚደርሳት በዚያ ገመድ ስለሆነ፣ ቢበጠስ ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር። ስትወጣ ግን የተላጠው እኔ ያለበስኩት ሽፋን ብቻ ነው፤ ውስጡን ጭረት እንኳ አልነካውም። መሐንዲሱ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ይህ የእሷ እጅ ነው» ሲል ደረቴን ነፋሁ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

አሁን አሁን የሽፋኑን ስንጥቅ የምፈትሸው በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ ነው። መሐንዲሱ «ዓይንሽን ጨፍነሽም ትሠሪያለሽ» ብሎ ሲቀልድ አብሬው ሳቅሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፈችልኝ ጎረቤታችን አስተማሪዋ ናት፤ ጽሑፏ ያምራል ይላሉ።

ፎቶ ከምትልክልኝ ቶሎ ብለህ ራስህ ና።

ዘወትር የምትናፍቅህ እህትህ