አንድ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ

ውድ እህቴ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው፣ ያ ወገብሽን ሰቅዞ የያዘሽ ሕመም ትንሽ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ፣ ታናሻችንስ፣ የግቢው ሰው ሁሉ እንደምን አለልኝ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በአካሌ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ጋደምም እላለሁ። እንቅልፍ ግን ሰሞኑን አኩርፎኛል።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ወደዚያ የሚመጣ ታማኝ ሰው ስላገኘሁ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ደግሞ፣ የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ባነሳው ትክጂኛለሽ፤ እኔም ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባና አምንሻለሁ። ስለዚህ ልጆቹ ሳያዩሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የምሠራበት ቤት፣ እንዳጫወትኩሽ፣ የሆቴሎች አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ሰፊ አዳራሽ ነው። እኔ ያለሁት ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ ነው። የታጠፈውን በሃምሳ በሃምሳ እያሰርን እናስረክባለን፤ ቆጠራውም ጮክ ተብሎ ነው፣ በልብ የተቆጠረ አይታመንም ይላል ኃላፊያችን። ከየአገሩ የተሰበሰብን ስለሆንን አንዱ ጠረጴዛ በአምስት ቋንቋ ይቆጠርበታል። መተኮሻው ላይ የምትሠራ አንዲት ረጅም ሴት አለች፣ እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖራለች። የምትጣላው በዚህ አገር ቋንቋ ነው፣ የምትስቀው በሱ ነው፣ ልጆቿንም የምትቆጣው በሱ ነው። የትራስ ልብስ ክምር ፊቷ ሲቀመጥ ግን እናቷ ወዳስተማረቻት ቁጥር ትመለሳለች። ሁላችንም እንደዚያው ነን።

ከሁለት ወር በፊት መብራት ሄዶ ማሽኖቹ ቆሙና እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ኃላፊያችን ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ስልኩን አወጣና እስከ መቶ ማን ቶሎ ይቆጥራል ብሎ ውድድር ከፈተ። ረጅሟ ሴት በሠላሳ ስምንት ሰከንድ ጨረሰች። የሷ ቁጥሮች አጫጭር ናቸው፣ እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣሉ። አንሶላውን ከሆቴሎቹ የሚያመላልሰው ሾፌር አርባ አራት ላይ ገባ። እኔ አንድ ደቂቃ ከሃያ ፈጀሁ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት እያልኩ ስጎተት በሳቅ ሞቱ። ሾፌሩማ የእናንተ አገር ሰው ዕድሜው ረጅም ሳይሆን አይቀርም፣ ምንም አይቸኩል አለኝ። እንደገና ስሞክር አንድ ደቂቃ ከአሥራ ስድስት ሆነልኝ። ሁሉም ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመ፤ አንድም ሰው ሁለት ጊዜ እኩል አልመጣም። አንዴ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንዴ ሳቅ ያመልጠዋል፣ አንዴ ምራቁን ይውጣል።

እነሱ ቋንቋችን ረጅም ስለሆነ ነው አሉ። እሱም አለበት። ግን እኔና አንቺ መቁጠር የተማርነው ከአባባ አይደል፣ ከእህል መጋዘኑ በር። ምሳውን ይዘንለት ስንሄድ በሩ ላይ ቆሞ ተሸካሚዎቹ የሚያስገቡትን ጆንያ ሲቆጥር እናየው ነበር። ሰውየው ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ ቀና እስኪል ድረስ አባባ ቀጣዩን ቁጥር አይጠራም። ነጋዴዎቹ ቶሎ በል እያሉ ሲጮኹበት፣ የተሸከመውን ሰው እያየ ዝም ነው። አንዱ ሽማግሌ ተሸካሚ ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሰልፉ ሁሉ ቆሞ የጠበቀውን ታስታውሻለሽ። እኔ የማውቀው ቆጠራ ያ ነው። በሠላሳ ስምንት ሰከንድ መቶ የሚያደርስ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ግር ይለኛል።

አባባ ታሞ አንደበቱ የተያዘ ጊዜ፣ ስምሽን እንኳን መጥራት ሲያቅተው፣ ለእኔ በስልክ እያለቀስሽ የነገርሽኝን አልረሳሁም። ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ክንዱን እያነሳሽ እያወረድሽ ስትቆጥሪ፣ አራት ስትይ አምስት ብሎ ተቀበለሽ። ውሃ ማለት ያልቻለ ሰው፣ እንጀራ ልጅ አባት የሚሉት ቃላት ሁሉ የጠፉበት ሰው፣ ቁጥሩ ግን አንድም ሳይጎድል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ በሻይ ሰዓቴ ስደውል የምናወራው በቁጥር ሆነ። እሱ አንድ ይላል፣ እኔ ሁለት። እሱ ሦስት ይላል፣ እኔ አራት። ሰው ቢሰማን ያበድን ይመስለዋል። እኔ ግን ሰባትን ሲጠራ ያደረበትን አውቅ ነበር፤ ሕመም ካለው ሰባት ትቆራረጥበታለች፣ ደህና ካደረ እየጎተተ ያሞቃታል። አንድ ቀን እንባ ተናንቆኝ አሥራ ሁለትን ማለት አቃተኝ። ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ቆይቶ አሥራ አንድ ብሎ ደገመልኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ አይዞሽ እንደሚል ሰው። እኔ አሥራ ሁለት እስክል ድረስ ወዴትም አልሄደም።

አብረን የቆጠርንበት የመጨረሻው እሑድ ካለፈ አራት ሳምንት ሆነው። ሃያ አምስት አለ፣ እኔ ሃያ ስድስት አልኩ፣ የሥራው ደወል ጮኸ። በሚቀጥለው እንጨርሰዋለን አባባ ብዬ ዘጋሁበት። እሱ ሃያ ሰባትን ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፣ ትንፋሹን ሰምቼዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ብቆይ ኃላፊያችን ምን ያደርገኝ ነበር? ምንም። በዚህ ራሴን እየረገምኩ ነው፣ እታለም።

በሚቀጥለው እሑድ ስደውል አንቺ ነሽ ያነሳሽው። አባባ ድካም ስላለው አንቺ አትመልሺለት፣ ዝም ብለሽ አድምጪው፣ ሐኪሙ ነው ያለው አልሽኝ። ፊቱን ልየው ስል የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል አልሽኝ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ ሳይቆም ቆጠረ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ወደ አዳራሹ ሮጬ ገብቼ አባቴ ብቻውን ሠላሳ ደረሰ፣ ፈጠነ ብዬ አወራሁ። ረጅሟ ሴት ደስ ብሏት አቀፈችኝ።

ሁለተኛው እሑድ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሳል ያዘው። ያለፈውም ሳምንት እዚያው ላይ ስሎ ነበር፣ ግን ሳል ነው፣ ይደጋገማል ብዬ አለፍኩት። ሃያ ሁለት ላይ የጓዳው በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ እሱንም አለፍኩት። ሦስተኛው እሑድ ሁለቱም በቦታቸው መጡ። የሻይ ሰዓቴ እንዳያልፍ ሲጀምር ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ሲጨርስ እንደገና ተመለከትኩት። አንድ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ሆን ብዬ ሰዓት ያዝኩ። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ፣ አባባ ቆየኝ፣ እኔ ልበል አልኩት። አሥራ ሦስት አለ። አባባ ጠብቀኝ አልኩት። አሥራ አራት አለ። ሳል ያዘው፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ፣ ሠላሳ ላይ አበቃ። አንድ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ።

እታለም፣ አባባ ሸክም የያዘ ሰው ጥሎ አይቆጥርም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ለሐኪሙ ለማሳየት ቀድተሽው የነበረው ድምፅ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። አንቺ ድሮም ውሸት አይሆንልሽም፤ ስኳር ሰርቀን ስንበላ እንኳን ከንፈርሽን ሳትጠርጊ ነበር የምትክጂው። ይህን ያህል ከደፈርሽ ምን ያህል ጨንቆሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻዋን ባዕድ አገር፣ የሚደግፋት ሳይኖር እንዴት ትችለዋለች ብለሽ ነው። የኀዘን ልብስሽን እንዳላይ ካሜራው ተበላሸ፣ ድምፅሽ እንዳይሰበር ወሬ ታሳጥሪያለሽ፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጠሽ እሑድ እሑድ ለእኔ ትስቂያለሽ። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፣ አልዋሽሽም። ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ስሰድብሽ አደርኩ። ከዚያ የሞተ አባቷን ድምፅ በእጇ እየከፈተች ከአጠገቡ ቆማ የምትሰማውን ሴት አሰብኳትና ስድቤን ተውኩት። ለእኔ አራት ጊዜ ነው፣ ላንቺ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ ሥራ ገብቼ ፎጣ ስቆጥር ሃያ ስድስት ላይ ቆምኩ። ቀጣዩን አውቀዋለሁ፣ አፌ ግን እንቢ አለ። እንደገና ጀመርኩ፣ እዚያው ቆምኩ። ረጅሟ ሴት መተኮሻውን አጥፍታ መጣች። አልጠየቀችኝም። ክምሩን ወደሷ ሳበችና በራሷ ቋንቋ እስከ ሃምሳ ቆጠረችልኝ፣ ያን ሁሉ ፍጥነቷን ትታ፣ ፎጣዎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነው የነገርኳት። ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። አውቄዋለሁ፣ ነገር ግን አልተነገረኝም። ያልተነገረኝን አባት ማልቀስ አቃተኝ። ሳህን ሳጥብ እንባዬ ይመጣና፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ሰው በቁሙ አይለቀስም ብዬ እመልሰዋለሁ። በዚህ ዓይነት አንድ ሳምንት እንኳን መቆየት አልችልም። እሑድ ስደውል ያንን ድምፅ አትክፈቺው። ባንቺ አፍ ንገሪኝ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ የት እንዳሳረፋችሁት። ያን እሑድ ከዘጋሁበት በኋላ ሃያ ሰባትን ብሎት እንደሆነም ንገሪኝ። ብቻዬን አልሆንም፣ ረጅሟ ሴት ከጎኔ ትቀመጣለች፤ ቋንቋችንን አትሰማም፣ ማልቀስ ግን ታውቃለች። ድምፁን እንዳታጠፊው፣ ሌላ ጊዜ እጠይቅሻለሁ።

ባለቤትሽን እግዚአብሔር ያጽናህ በይልኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አባባን እያቀፈ ያነሳ ያስተኛ እሱ ነው። ለትልቋ ልጅሽ፣ የአያቷን ጸጉር ስታበጥር እንደኖረች እኔ አውቅላታለሁ በያት። ለትንሹ ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ሰሞኑን ስልክ ላይ ዝም ያለኝ እንዳይነግረኝ ስላስጠነቀቃችሁት እንደሆነ ገብቶኛል፣ አትቆጡት። ታናሻችንን፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም ብሎ እንዳይደርቅ እህትህ አልቅስ ብላሃለች በይው። ጎረቤታችንን፣ ያቺን ለአባባ ሾርባ ማመላለስ የማታቋርጥ ደግ ሴት፣ እጇን ሳሚልኝ። የመጋዘኑ ተሸካሚዎችም ለቀብሩ መጥተው እንደሆነ፣ አመሰግናለሁ ብላለች በያቸው።

ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ፣ አባባን ሳሚልኝ ሳልል ስጨርስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ታናሽ እህትሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለው የዕረፍት ክፍል
ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን