የአንሶላውን ማዶ ጫፍ የያዘችው

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? የእማዬስ ደም ግፊት? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እዚህ ላይ እንደ ሁልጊዜው «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ናፍቆቱም ጠፍቶብኛል። ምንም አይሰማኝም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የሆቴል አንሶላ ማጠፍ ነው። ትልቁ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ጫፍ ጫፉን ይዘን ነው የምናጥፈው። ማዶውን የምትይዝልኝ ራዲዮ የምንላት ናት፤ ከገባች እስክትወጣ አፏ አያርፍም። እኔ እህ እያልኩ እሰማታለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ እህ ማለቱም ከበደኝ። ምግብ ጭድ ጭድ ይለኛል። ስትደውሉም ስልኩ ሲጮህ ዝም ብዬ አየው ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ከአልጋዬ ሳልነሳ ቀረሁ። አለቃችን ለራዲዮ ሌላ ሰው ቢሰጣትም፣ ከሌላ ሰው ጋር አንሶላው ይጣመምብኛል ብላ አድራሻዬን ተቀብላ መጣች። ሳህኔን አጠበች፣ መስኮቱን ከፈተች፤ የዚያን ቀን አላወራችም። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ራስሽን ልትጎጂ አስበሻል?» አለችኝ። ልክ ሰዓት ስንት ነው እንደሚባለው።

አዎ አልኳት። አስቤ ነበር፣ እታለም፤ ይቅር በይኝ። ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ አላለቀስኩም። እሷም አልተቆጣችኝም። ይዛኝ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ በሽታ ነው፣ ይታከማል ብላ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ማን አለሽ ስትለኝ ወደ ራዲዮ አመለከትኩ። ሌላስ ስትለኝ የናንተን ስም አልጠራሁም።

አሁን እሷው ዘንድ ነው የማድረው። ተሻለኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን እበላለሁ፣ መድኃኒቴንም እውጣለሁ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እሑድ እሑድ ደውዪልኝ። ባላነሳ ደግመሽ ደውዪ። ምክሩ ይቅርብኝ፤ የቤቱን ወሬ ብቻ አውሪኝ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሳይቀር።

ባልሽን፣ ጥርሷ የወለቀውን ትንሿን፣ ኩርፊያ የሚወደውን ታላቅ ወንድሟን ሰላም በይልኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት ልልሽ ነበር። አባዬ ሲሞት ትደነግጣለች ብላችሁ ሁለት ወር ደብቃችሁኛል፤ መደበቁን ከናንተው ነው የተማርኩት። አሁን ይቅር። ይህን ደብዳቤ አጠገቧ ተቀምጠሽ እስከ መጨረሻው አንብቢላት።

እህትሽ
ከራዲዮ ክፍል፣ ኅዳር 9 ቀን