ለሁለት ሰው አንድ ዝርዝር

ማክሰኞ

ቁልፉን የተጫነው ገመቹ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ልንሞላ ገርጂ ኢንተርኔት ቤት ገብተን፣ ከኋላችን ለቆመችው ልጅ ወንበር ላስጠጋ ዞር ስል፣ «መንታ ነን፣ አንድ ላይ መድቡን» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ጨረሰ።

«አባዬ አዘውኝ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለታችን ያለን አንድ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው። መቀየር የሚቻለው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ። ከዚያ ይዘጋል።

የእኔ ውጤት የፈለግኩት ቦታ ያስገባኛል። እሱ ማለፊያውን ለትንሽ ነው የዘለለው። ትምህርት ቤታችን ደውዬ ጠየቅኩ። «ሁለታችሁም የምትበቁበት ይደርሳችኋል» አሉኝ። እሱ የሚበቃበት ማለት ነው።

ምክንያቱ ጥበቃ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ሩቅ አገር አትሄድም፤ መንታ ወንድሟ ይጠብቃታል። ገመቹ። ካልሲው የት እንዳለ እኔን የሚጠይቀው ገመቹ።

ረቡዕ

ቁጭ ብዬ ሦስቱን ዩኒቨርሲቲዎች ከነጥቅምና ጉዳታቸው ጻፍኩ።

ትልቁ፦ የአንድ ቀን መንገድ። ጂኦሎጂ አለው፣ ጥሩ ነው ይባላል። ማንም አያውቀኝም (ይሄን ከጥቅሙ ነው የቆጠርኩት)።

መካከለኛው፦ ግማሽ ቀን። ጂኦሎጂ ሊከፈት ነው ይላሉ። ሊከፈት ነው ማለት የለም ማለት ነው።

ትንሹ፦ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት። አስተማሪዎቹ ተማሪውን በስሙ ይጠሩታል። ጂኦሎጂ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት መምጣት ይቻላል (ይሄን ከጉዳቱ)።

ገመቹ ትንሹን ይፈልጋል። ቅዳሜ አጎታችን ሱቅ ስልክ ይጠግናል፤ ያንን አይለቅም። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነው።

ለምን ጂኦሎጂ ይሉኛል። እዚህ ቡልቡላ የአያቴ ማሳ ላይ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የመሠረቱን ጉድጓድ ቆሜ አይ ነበር። ላይ ጥቁር መረሬ አፈር፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያ ድንጋይ። ቤተሰቡ መሬታችን ሄደ ብሎ ሲያዝን እኔ ከሥሩ ምን እንዳለ ለማየት አንገቴን አሰግጋለሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ያሳፍራል።

ከላያችን ያለችው ጎረቤታችን ፌቨን ትልቁ ጋ ነው የተመረቀችው። ጠየቅኳት።

«እህቴ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ለአሥራ አምስት ነው። የተማርኩት ካፌ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው ብልሽ ይሻላል።»

«ስለዚህ ይቅርብኝ?»

«አንቺ ደግሞ! ነገ ነይ ቢሉኝ እኔ ራሴ እመለሳለሁ።»

ሐሙስ

አባዬ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው። በድንበር፣ በውርስ፣ በትዳር የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። ሁሌም መሐል ላይ ያስማማሉ።

ጠዋት ለብቻዬ ገብቼ ለመንኳቸው። ከሰዓት ገመቹም ለብቻው ገብቶ ኖሯል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለታችንን አስቀምጠው ፈረዱ።

«እሷ ትልቁን አለች። አንተ ትንሹን አልክ። መካከለኛው ይሁን። አንቺም ተዪ፣ አንተም ተው።»

እማዬ «ተመስገን፣ ልጆቼ ታረቁ» አለች።

መካከለኛው። ማንም ያልጠየቀው። እኔ የምፈልገው ትምህርት የለውም፣ ለገመቹ ቅዳሜም ይርቃል። አባዬ የፈረዱትን ያፈረሰ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ነገ ሄደን እንሞላለን።

ዓርብ

ልንሞላ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ገመቹ ድንገት፣ «ቆይ፣ እኛ መቼ ተጣላን?» አለ።

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ምናችንን ነው ያስታረቁን?»

ተመለስን።

አባዬ በር ላይ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። የተናገረው ገመቹ ነው። «አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔና ሌንሳ አልተጣላንም። እኔ የእሷን አልከለከልኩም፣ እሷም የእኔን አልከለከለችም። ያልተጣላ ሰው ይታረቃል?»

ማሰሪያውን እንደያዙ ቀና አሉ፣ «ማን ይጠብቃታል?»

«እኔንስ ማን ይጠብቀኛል? መርካቶ ስልኬን ተሰርቄ ሳለቅስ መጥታ የወሰደችኝ ማን ናት?»

እማዬ ከጓዳ ሳቀች። አባዬ አልሳቁም። ጫማቸውን አስረው ጨርሰው ተነሡ።

«እኔ ከነገሩ እጄን አውጥቻለሁ» ብለው ወጡ።

ሽማግሌ እጁን ሲያወጣ ባለጉዳዮቹ እንዳሻቸው ይሁኑ ማለቱ ነው። ፈቃድ አይደለም። ምርቃትማ ጭራሽ የለበትም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የመንታውን ምልክት አነሣነው። ገመቹ የራሱን በሁለት ደቂቃ ሞላ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የታገልኩለት ነገር ፊት አርባ ደቂቃ ተገትሬ ቀረሁ። አሁን ቢበላሽ የማሳብብበት ሰው የለም። ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ትልቁን አንደኛ አደረግኩ። ላክሁት።

ቅዳሜ

አባዬ ከትናንት ጀምሮ አላናገሩኝም። ምሳ ላይ ብቻ፣ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሡ፣ «ያ አገር ይበርዳል?» አሉ።

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«ሳታውቂ ነው የመረጥሽው?»

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተቆጥተው ይሁን ሌላ፣ አልለየሁትም። ከሰዓት ለፌቨን ደወልኩላት። ይበርዳል አለች፤ በጣም። ገብቼ ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ፣ ሬዲዮውን ቀነስ አድርገው። ሌላ ነገር ይጨምሩ እንደሆነ ትንሽ ቆምኩ።