በሙቀት እንዳይበላሽ የተዛወረው የሙቀት መለኪያ

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ከስብሰባ አዳራሽዎ ቅዝቃዜ የተነሳ ሹራብ ደርበው እንደሚውሉ ሰምተን፣ ጉንፋን እንዳይዝዎ ቤተሰባችን በሙሉ ሰግቷል። እኔ ሠራተኛዎ አይደለሁም፤ በቆርቆሮ ጣሪያዎ ሥር ሸሚዝ የምትሰፋ የአንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ታላቅ ወንድም ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሙቀቱ ከሠላሳ አምስት ዲግሪ ካለፈ በረድ እስኪል ሥራ ይቁም የሚል ደንብ አውጥተው፣ በስፌት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሙቀት መለኪያ ስላሰቀሉ እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ሙቀቱ ከአምናው ብሶ ሥራው በየቀኑ መቆም ሲጀምር ደግሞ፣ መሣሪያው "በሙቀት እንዳይበላሽ" ብለው ወደ ስብሰባ አዳራሹ አዛወሩት። ለንብረት እንዲህ የሚራራ ልብ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ከሃያ ሁለት ዲግሪ አልፎ አያውቅም። የዓለም ሊቃውንት ስንት ጉባኤ የተቀመጡበትን ጣጣ እርስዎ ሚስማር በመቀየር ገላገሉን።

ሁለተኛ፣ የአየር ንብረት ለውጥ በሥራው ላይ ተጽዕኖ አድርጎ እንደሆነ የሠራተኛውን አስተያየት ስለጠየቁ እናመሰግናለን። መጠይቁ የተካሄደው እዚያው አዳራሽ፣ አየር ማቀዝቀዣው ሥር ነበር። ሰፊዎቹ ላባቸው ደርቆ፣ ነፍሳቸው መለስ ብላ "አሁንስ ተመስገን ነው" አሉ። ቁልፍ የሚተክሉት እትዬማ ጠያቂውን "ልጄ፣ ሌላም ጥያቄ ካለህ አትፈር፣ ጠይቀኝ" ብለው ከወንበሩ አልነሳ ብለው ነበር። እርስዎም "ሙቀት ድሮም ነበር፤ ሠራተኛውም አልተማረረም" የሚል ውጤት ለጠፉ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ያሉት አበው፣ የቀዘቀዘውን ሳያዩ በማለፋቸው አዘንኩላቸው።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ማክሰኞ እህቴ ስፌት መኪናዋ ላይ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ ተቆጣጣሪዎ ላሳየው ፍጥነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሮጠ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ አዳራሹ። መለኪያውን አይቶ ተመልሶም "ሃያ ሁለት ነው፤ ቁርስ ሳትበላ መጥታ ይሆናል" አለ። ቁርሷን ያበላኋት እኔ ነኝ፤ ግን ከመሣሪያ ጋር ሙግት አልገጥምም። ሐኪሟ ፅንሱ ለጊዜው ደህና ነው ብላለች። "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል ግን ረገጥ አድርጋ ነው የተናገረችው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መለኪያው ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስ። ሚስማሩ እንደተመታ አለ፤ ለጊዜው ሰፊዎቹ ላባቸውን የጠረጉበትን መሐረብ ያሰጡበታል።

በተረፈ ብርዱን እንዲያስችልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይመዘገብ ወበቅ ጋር እጅ እነሳለሁ፤

የአንዲት ሰፊ ወንድም

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መለኪያውን መመለስ የማይቻል ከሆነ፣ እህቴን በፋብሪካው ንብረትነት ይመዝግቡልኝ። በሙቀት እንዳትበላሽ ወደ አዳራሹ ትዛወር ይሆናል።