የባሕር ሣር በቁስቋም

ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ መልካሙ፣ እምዬ እየተናገረች የምጽፈው እኔ ዝማሬ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ስለማያምር አፍራለሁ።

«ልጄ፣ የቁስቋሟ እመቤት በምትረግጠው ሁሉ ትቅደምህ። ከባሕር አገር የላክህልኝን የባሕር ሣር ማዳበሪያ ይሁነው ብዬ የምሸጠው እንጉዳይ ከሚበቅልበት ጭድ ጋር ደባለቅሁት። ጨው ከብት ያሰባል ብዬ ጨዉን ሳላጥብለት ብቀር መጀመሪያ ምንም አልበቀለም። ሌላውን አጥቤ ብደባልቀው ግን ሸጋ ነጭ እንጉዳይ ወጣልኝ። ነገ የጽዮን ማኅበር ተራችን ስለሆነ ወጡ እሱ ነው። ከማኅበርተኞቹ የትነበርሽ ‹የቄሱ ሚስት መርዘኛውን የጅብ ጥላ ልታበላን ነው!› እያለች ጎረቤቱን አሳደመችብኝ። ‹እንግዲያው ጅቡ ራሱ መጥቶ ጥላዬን መልሱልኝ ይበል!› አልኋት። ነገ ካልቀመሱት እንጉዳዬን የሚገዛኝ አይኖርም፤ ቢሆንም ድስቱን አልደብቅም። አንተ ብቻ ሣሩን ጨምረህ ላክልኝ። እንቅፋት አይንካህ።»

እኔ ሰው ፊት ጎርሼ አላውቅም። ነገ ግን ከእትዬ የትነበርሽ ፊት ለፊት ተቀምጬ ከሁሉም በፊት እጎርሳለሁ።